«አሠሪ» የሚለው መስመር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሌላ ሰው ሙያ ልናገር ነው፤ ስለ ተዋንያን። ሐኪም ምን አገባት እንዳትሉኝ። አገባኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ ደባርቅ ተመደብኩ። ከዚህ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ዳባትን ለመስክ ልምምድ የወጣን ሁሉ እናውቃታለን፤ ደባርቅ ከእሷ አለፍ ብሎ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ከተማ ነው። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር፣ በኤድስ ቀን ሰሞን፣ አንድ ፕሮጀክትና አንድ መሥሪያ ቤት ተባብረው በገበያ ቀን የማስተማሪያ ድራማ አዘጋጁ። መድረኩ ጎኑ የወረደ አይሱዙ ነው። እኔ በድምፅ ማጉያ ስለ ደም ምርመራ አሥር ደቂቃ ተናገርኩ፤ ግማሹ ገበያተኛ ጀርባውን ሰጥቶኝ የበግ ዋጋ ይከራከራል። ከዚያ የከተማው አማተር ቴአትር ክበብ ልጆች ወጡ። አንዱ ማሲንቆ ይዞ፣ ከሚስቱ ተደብቆ ለመመርመር የሚሄድ ባል ሆኖ ሲጫወት ገበያው ጸጥ አለ። በማግስቱ ለምርመራ የመጡት «የማሲንቆው ልጅ» እያሉ ነው እንጂ «ዶክተሯ» ያለ አንድም አልነበረም።

ልጁ ግን ያን ዕለት ከመኪናው ሲወርድ ወድቆ የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ወደ ጎንደር ልልከው ቅጹን ስሞላ «አሠሪ» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ።

«አሠሪህ ማን ነው?» አልኩት።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ፣ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ።

ፕሮጀክቱ «እኛ የጋበዝነው ክበቡን ነው» አለ። መሥሪያ ቤቱ መድረክ ከማመቻቸት ውጭ የማውቀው የለም አለ። ክበቡ ደግሞ ማኅተም እንኳ የለውም። መስመሩን ባዶ ተውኩት። እኔ ለዚያች አሥር ደቂቃ ውሎ አበል ፈርሜ ወስጃለሁ፤ ለእነሱ የደረሳቸው ለስላሳና ቲሸርት ነው። (ቲሸርቱንም ወስጃለሁ።) ልጁ የመኪናም የሕክምናም ገንዘብ ስላልነበረው ወጌሻ ጋ ሄደ፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ነው፤ ዜማውን የሚለየው የግራ እጅ ጣት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስጠይቅ፣ «ማኅበር» በምንለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገር መደባለቁን ተረዳሁ። አንዱ ሠራተኛ ማኅበር ነው፤ ከአሠሪ ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት ይፈርማል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚቋቋመው አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ነው፤ ከዚያ ያነሰ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞችም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ሁሉም የሚጀምረው ግን ከአሠሪ ነው። በቃል ተስማምቶ ፊልም ላይ ሦስት ቀን የሚሠራው ተዋናይ የማን ሠራተኛ ነው? በብሔራዊ ቴአትር ወይም በሀገር ፍቅር ተቀጥሮ የሚሠራው ደመወዝና ጡረታ አለው፤ እሱም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ይኸው አዋጅ አይመለከተውም። አንዱ አሠሪ በማጣት፣ ሌላው አሠሪው መንግሥት በመሆኑ፣ ሁለቱም ውጭ ቀሩ። የሚገርመው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ስሙ «ማኅበር» ነበር፤ የተቋቋመው ግን በወረራው ዋዜማ ሕዝብ ለመቀስቀስ እንጂ ለተዋናይ ደመወዝ ለመሟገት አልነበረም።

የቀረው የሙያ ማኅበር ነው። በአዋጅ 1113/2011 ይመዘገባል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ያሠለጥናል፣ ለሙያው ድምፅ ይሆናል። ዋጋ ግን አይደራደርም። እኛም እናውቀዋለን መቼም፤ የእኔም የሙያ ማኅበር መታወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ደመወዜ ግን በእሱ አልተወሰነም።

በውጭ አገር እንግሊዞች ኢኩዊቲን በ1930፣ አሜሪካኖች የስክሪን ተዋንያን ማኅበርን በ1933 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ። እዚያ የአንድ ቀን ተዋናይ እንኳ በማኅበሩ ውል ከሠራ ዝቅተኛ ክፍያ አለው፤ ፊልም ሠሪውም ለጡረታና ለጤና ፈንዱ ያዋጣለታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ለ118 ቀናት ሥራ ያቆሙት በዚያ አቅም ነው። ግን አናጋነው፤ የጤና ሽፋኑን ለማግኘት በዓመት የተወሰነ ገቢ ያስፈልጋል፣ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም።

በእኛ አገር ለአማተር ተዋናይ መጀመሪያ የምመክረው አባልነት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራም ነበረችበት። ልጁ ሲወድቅ ገና አልመጣም ነበር። እድር እንደሆነ ለሞት እንጂ ለተሰበረ እጅ አይደርስም።

ሁለተኛው ነገር በእኛ እጅ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክት የምትመሩ፣ በጀት የምትፈርሙ ብዙዎች ናችሁ። ለወባ፣ ለእናቶች ጤና፣ ለኤች አይ ቪ ድራማ እናዘጋጃለን። የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ይጸናል፤ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማን ቀጠረ፣ ስንት ይከፍላል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክማል።

ልጁን ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳባት ሰርግ ላይ አየሁት። ማሲንቆውን ትቶ መድረክ ይመራል። «ዶክተር፣ ያችን ቅጽ ሞሏት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ማታ ድራማ የሚያሳዩን ወጣቶች አሉ። ከመግባቴ በፊት ጠየቅኳቸው፤ የተፈራረሙት ወረቀት የለም። ከሻይ በኋላ አንድ ገጽ ይዤ እመለሳለሁ። «አሠሪ» የሚለው ላይ የሚጻፈው የእኛ ማኅበር ስም ነውና ሰብሳቢያችን እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቁኝ።