የተማሪን መዝገብ ለኮምፒዩተር ስለ ማስነበብ
ለመምህራን የተሰጠ ንግግር



አንድ ልጅ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ተወለደ፥ በየትኛውም ክፍል መቀመጥ እንደሚገባው የሚታወቀው ከመዝገቡ ነው። ዛሬ መዝገብ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ነው። ይህንንም አጻጻፍ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዳግላስ ክሮክፎርድ ነው።

ጄሰን የሚያውቃቸው ነገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ጽሑፍ፥ ቁጥር፥ እውነትና ሐሰት፥ ባዶ፥ ዝርዝር፥ እንዲሁም ስምና ዋጋ የተጣመሩበት ስብስብ ናቸው። ቀን የሚባል ዓይነት ግን የለውም፤ ቀን የሚጻፈው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ተቀብሎ ወደ ኦብጀክት፥ ማለት ፕሮግራሙ ሊሠራበት ወደሚችል መዝገብ፥ የሚመልሰው ክፍል ቀኑን በለመደው ሥርዓት ይፈታዋል።

ይህ ልማድ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት፥ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ ሰባት የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ይታሰብ። ከአገር ቤት የመጣው የልደት ወረቀቱ 5/1/2008 ይላል፤ ይኸውም መስከረም 5 ቀን 2008 ዓ/ም ነው። ፕሮግራሙ ግን ጃንዩወሪ 5 ቀን 2008 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2015 ነበር። በዚህ አንድ ንባብ ሕፃኑ በ7 ዓመት ከ8 ወር ይበልጥ ያረጃል፤ ለመጀመሪያ ክፍል ዕድሜው አልፏል ተብሎም ሊመለስ ይችላል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ስሕተቱ የአነባበብ ነው።

ልጁ ጳጉሜን 5 ቀን ተወልዶ ቢሆን 5/13/2008 ተብሎ ይጻፋል። ዓሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ፕሮግራም መዝገቡን አልቀበልም ይላል። ይህ ስሕተት ከፊተኛው ይሻላል፤ ራሱን ገልጦ ያሳያልና። ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ ልማድ የተሠራው ፕሮግራም ግን ሜይ 13 አድርጎ በዝምታ ይቀበለዋል።

መድኃኒቱ አንባቢውን በልክ ማዘጋጀት ነው። የፕሮግራም ቋንቋዎችና መሣሪያዎቻቸው ለዚህ በር ትተዋል፤ በጃቫስክሪፕት ሪቫይቨር፥ በፓይተን ኦብጀክት ሁክ፥ በጃቫ ደግሞ ጃክሰን በሚባለው መሣሪያ ለአንድ መስክ ብቻ የሚሠራ የራስን አንባቢ ማዘጋጀት ይቻላል።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛ፥ ጽሑፉ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተጻፈ በግልጥ ይናገር። ሁለተኛ፥ ቀኑ የሚለወጠው መዝገቡ በሚገባበት በአንድ ስፍራ ብቻ ይሁን፤ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፥ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ደግሞ 12 ስለሚውል፥ 7 ወይም 8 ዓመት መደመር ብቻ አይበቃም። ሦስተኛ፥ አንባቢው ሲጠራጠር አይገምት፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደ ነበረ ጠብቆ ለሰው ያቅርብ።

ስለ ስምም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊው ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ይህንን ያልተነገረው ፕሮግራም የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ፥ አባትና ልጅን እንደ ባዕዳን ሊለያያቸው ይችላል።

ፕሮግራም ሠሪው ጳጉሜንን ላያውቅ ይችላል፤ መምህሩ ግን ያውቃል። ስለዚህ መምህሩ ሕጉን አስቀድሞ ለሠሪው መንገር ይገባዋል፤ በስሕተቱ ምክንያት ከክፍል ውጭ የሚቀረው ሕፃኑ ነውና።