ከቢላል እስከ ሃርለም

እርሱ፦ በቦርከና ዳር በጨፋ ሜዳ ከብት የሚያግዱ ልጆቻችን፣ ከሐበሻዊት እናት ተወልዶ ከባርነት ወደ ሐርነት የወጣውን የቢላልን ዜና ከአዛኑ ድምፅ ጋር እንደሚያውቁት ሁሉ፣ በዚሁ በወሎ ምድር ተወልዶ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ተምሮ፣ ፋሺስት አገራችንን በወረረ ጊዜ የሃርለምን ጥቁሮች ያስተባበረውንና በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን የመሠረተውን የዶክተር መላኩ በያንን ገድል ቢማሩ ምንኛ ባማረ!

እርሷ፦ መልካም ብለዋል ወንድሜ፤ ነገር ግን የአሜሪካን ጥቁሮች እግር ብረት እየተረክን የራሳችንን ብንሸሽግ ትምህርታችን ምሉዕ አይሆንም፤ በአገራችን ባርነትን የሻረው አዋጅ የታወጀው በ1934 ዓ.ም. ነውና።

እርሱ፦ እውነት ነው፣ እኅቴ። ልጅ «ቢላልን ማን ባሪያ አደረገው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ «እኛስ ማንን ሸጥን?» የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም።

እርሷ፦ እንግዲያው መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ሦስት ዘመናት ጎን ለጎን ይጻፍ፦ 1888 የዓድዋ ድል፣ 1929 ኒውዮርክ፣ 1934 አዋጁ። የመጀመሪያው ያኮራል፤ ሁለተኛው ያዛምዳል፤ ሦስተኛው ግን ትሕትናን ያስተምራል።