ደጀን ዝም ሲል



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮን ላይ የሸዋን ደጋ ጨርሶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ በጠመዝማዛው መንገድ ሽቅብ ከወጣ በኋላ የጎጃም ደጋ አፋፍ ላይ የሚቀበለው ከተማ ደጀን ነው። የከተማው ስም ከየት እንደ መጣ መመርመር የዚህ ንግግር ተግባር አይደለም። ቃሉ ግን በአማርኛ የታወቀ ትርጉም አለው፤ ደጀን ማለት ከተዋጊው ኋላ ሆኖ ስንቅ የሚያቀብል፣ ምትክ የሚልክ፣ የተመለሰውን የሚቀበል ወገን ነው። በደርግ ዘመን ቃሉ ከጦር ሰፈር ወጥቶ የየስብሰባው ቃል ሆኖ ነበር፤ ሕዝቡ በሙሉ የሠራዊቱ ደጀን ነው ይባል ነበር። እንግዲህ ጦርነቱን ያልወደደ ደጀን ምን ማድረግ ይችላል?

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ዜጎች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ እንዲያገለግሉ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው በተጠባባቂነት እንዲቆዩ አዘዘ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙ አገሮች ካላቸው ሕግ እምብዛም የተለየ አልነበረም። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነበር። የሚፈለገው ሰው ብዛት ከላይ ተወስኖ እስከ ገበሬ ማኅበር ድረስ በኮታ ይወርዳል። የገበሬ ማኅበራት በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲቋቋሙ ዋና ሥራቸው መሬት ማከፋፈል ነበር፤ ገበሬውም በዚያ ምክንያት ወዷቸው ነበር። እያደሩ ግን ግብር የሚሰበሰብባቸው፣ እህል በተቈረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚቀርብባቸው፣ በመጨረሻም ወታደር የሚመለመልባቸው ሆኑ። ያው ሊቀ መንበር፣ ያውም የመንደሩ ተወላጅ፣ ከጎረቤቱ ጤፉንም ልጁንም በኮታ ጠየቀ። ኮታው በውዴታ ባልሞላ ጊዜ አፈሳ መጣ፤ ገበያ ተከበበ፣ ሌሊት በር ተንኳኳ።

ገበሬው አደባባይ አልወጣም፤ መፈክርም አልጻፈም። በስብሰባ ላይ እጅህን አውጣ ሲባል አወጣ፤ አጨብጭብ ሲባልም አጨበጨበ። (የስብሰባ ጭብጨባን እንደ ማስረጃ የሚቈጥር የታሪክ ጸሐፊ በኋላ ብዙ ሊታረም ይገባዋል።) ማታ ግን ልጁን ከቤት ውጭ አሳደረ። ጎረምሳው ገበያ መውጣት ተወ፤ ራቅ ወዳለ ዘመድ ተላከ፤ ዕድሜው ሲጠየቅ ወይ አነሰ ወይ በዛ። በደጀን በኩል የዓባይ በረሃ ከደጋው አፋፍ ሥር ነው፤ ለሸሸ ሰው ከጥንት ጀምሮ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ከተያዙትም መካከል በመንገድ የጠፋ፣ ከግንባር የከዳ ብዙ ነበር። ይህ የጎጃም ብቻ ጠባይ ሳይሆን በየክፍለ ሀገሩ ገጠር የታየ ነገር ነው።

የመንግሥት ቢሮ ይህን ሁሉ የሚጠራበት ስም ነበረው፤ የንቃት ጉድለት፣ ግዴለሽነት። ስሙ ለሪፖርት ይመቻል፤ ምክንያቱም ግዴለሽ ሰው ቅስቀሳ እንጂ መልስ አያስፈልገውም። እምቢ ላለ ሰው ግን ለምን እምቢ እንዳለ መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

ያ ሕዝብ በእርግጥ ግዴለሽ ነበርን? ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ መመልከት ይበቃል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ሚሊሺያ፣ አብዛኛው ገበሬ፣ ከየአገሩ ተውጣጥቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜም ወደ ምሥራቅ ዘመተ። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ያን ጊዜ የሄደው ሁሉ በፈቃዱ ሄደ ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ጠላቱ ማን እንደ ሆነ፣ ጦርነቱም በምን እንደሚያልቅ ገበሬው ያውቅ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ግን በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ኤርትራ ውስጥ የጀመረ፣ አዋጁ ሲወጣ ከ20 ዓመት ያለፈው፣ በወዲያኛው ወገን የቆመውም እንደ እርሱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ነበር። ለዚህ ጦርነት መነሻውን አስረድቶ መጨረሻውን ያሳየው ባለሥልጣን አልነበረም።

ጎጃም በግልጽ እምቢ ማለትንም ያውቅበታል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ከደጀን በብቸና በኩል በሚያልፈው መንገድ እስከ ሞጣ ያለው አገር ገማቾቹን አላስገባም አለ። ሽማግሌ ላከ፤ አቤቱታ ጻፈ፤ ይህ ሳይሰማለት ሲቀር መሣሪያ አነሣ። ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ተላከበት፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በፍጻሜው ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተዛወሩ፤ ግብሩ በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ፤ የቀድሞው ውዝፍም ተሰረዘ። ያን ጊዜ አቤት የሚባልበት ዙፋን፣ የሚላክ ሽማግሌ፣ የሚሰማ የአገር ሰው ነበር። በ1975 ዓ.ም. ግን ሽምግልና ራሱ በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ አቤቱታ የሚቀርብለትም ኮታውን ያወረደው ሰው ነበር። የቀረው መንገድ ዝምታ ሆነ።

ዝምታውን ማሞገስ ግን ቀላል ስሕተት ነው። ኮታ ሰው ሲሸሸው አይቀንስም፤ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ዘመድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ሊቀ መንበሩን የሚያውቅ ልጁን ሲያድን፣ የባልቴቷ ልጅ፣ ወላጅ የሌለው እረኛ፣ ከሌላ አገር መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድር ጎረምሳ ተያዘ። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ስለ ሸሸ ሸክሙ በደካማው ላይ አረፈ። በአሜሪካም በቬትናም ጦርነት ጊዜ እንዲሁ ሆኗል፤ ኮሌጅ የገባ ወጣት ጥሪው ይዘገይለት ስለ ነበር የድኻው ልጅ ቀድሞ ዘመተ። ሆኖም በዚያ አገር ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች ራሳቸው ማኅበር አቋቍመው ያዩትን በአደባባይ ተናገሩ፤ ይህም የተቃውሞውን መልክ ለወጠ። ፖርቱጋል በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1974 በአንጎላ፣ በጊኒና በሞዛምቢክ ስትዋጋ የገጠሯ ወጣት በብዛት ወደ ፈረንሣይ ኮበለለ። ሽሽቱ መንግሥቱን አደከመው እንጂ ጦርነቱን አላስቆመውም፤ ያስቆሙት በሚያዝያ 1974 የተነሡት መለስተኛ መኰንኖች ናቸው።

በኢትዮጵያም መኰንኖች ሞክረዋል። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት፣ በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ከወደቁ በኋላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ ጦርነቱን በድርድር ለመጨረስ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ፤ ሳይሳካላቸውም ቀረ። ከተያዙት 12 ጄኔራሎች በዓመቱ ተገደሉ። የገበሬው ዝምታና የጄኔራሎቹ ሙከራ አንድ ጦርነት ይቃወሙ ነበር፤ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው በመካከል አልነበረም።

በመካከል ሊገኝ የሚገባው የተማረው ሰው ነበር። ይህ ለሙያ ማኅበር ጉባኤ የሚመች ቃል ባይሆንም መባል አለበት። ኮታ ያለ ብዕር አይሠራም። ስም ዝርዝሩን የሚገለብጥ ጸሐፊ፣ ምልምሉን ለውትድርና ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም የጤና ሠራተኛ፣ ሕዝቡ በወኔ ዘመተ ብሎ ሪፖርት የሚያዘጋጅ የቢሮ ሰው ያስፈልገዋል። ከደመወዙ ለጦርነቱ መዋጮ ሲቈረጥ ቤቱ ገብቶ ያጕረመረመው፣ በማግሥቱ ግን ሪፖርቱን በጥሩ አማርኛ የጻፈው ይኸው ሰው ነው። ግዴለሽነት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን ከነበረ ከእርሻው ይልቅ በጠረጴዛው ዙሪያ ይፈለግ። ገበሬው ልጁን ሲደብቅ ከእስር ጀምሮ ብዙ ነገር ይጠብቀው ነበር፤ የቢሮው ሰው ግን ያላየውን ወኔ ባይጽፍ፣ የ16 ዓመቱን ልጅ 18 ብሎ ባይሞላ፣ ቢያንስ በአንዳንዱ ቀን ያለ ትልቅ አደጋ ሊያልፍ ይችል ነበር። ሁልጊዜ ይችል ነበር ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ የቀይ ሽብር ትዝታ ገና ትኵስ ነበረና ፍርሃቱ መሠረት ነበረው።

እንዲያም ሆኖ ከማናቸውም ፖለቲካ የራቀ፣ ለመከልከል ግን እጅግ የሚያስቸግር አንድ ጥያቄ ነበር፤ የሄደው ልጅ በሕይወት አለን? የሚለው። በሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1989 የወታደር እናቶች ኮሚቴ ሲቋቋም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ጥያቄ ይዞ ነው የተነሣው፤ እናት ልጇ የት እንዳለና እንዴት እንደ ተያዘ መጠየቅዋን ክህደት ብሎ መጥራት ለማንም መንግሥት ይከብዳል። በኢትዮጵያ ጥያቄው በየቤቱ ነበር፤ በየለቅሶውና በየሰንበቴው ይነሣ ነበር፤ በጽሑፍ አስፍሮ በፊርማ አስደግፎ የሚያቀርብ የሙያም ሆነ የብዙኃን ማኅበር ግን አልተገኘም። ለዚህ ደግሞ ጠመንጃ አያስፈልግም ነበር፤ መዝገብና ጥቂት የማያፈገፍጉ ሰዎች ይበቁ ነበር።

የዝምታው ጉልበት ምን ያህል እንደ ነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ ለዓመታት በጭብጨባ ሲጸድቁ የኖሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውንና መሬቱን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ገባ። በዓመቱ፣ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ቴዎድሮስ ሲጀመር ጎንደርና ጎጃም ብዙ ሳይቆዩ ከመንግሥት እጅ ወጡ። የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ባለፈ ጊዜ ገበሬው ውሃና እንጀራ ሰጥቶት ይሆናል፤ ምትክ ግን አልሰጠውም።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞ ወታደሮች በእግርም በመኪናም ወደ የአገራቸው ተመለሱ፤ በዓባይ በኩል ያለፉትም ሽቅቡን ወጥተው ደጀን ደረሱ። የሄዱት በስም ዝርዝር ሄደው ነበር፤ የቀሩትን የሚያነብ ዝርዝር ግን ያመጣ አልነበረም። መርዶ ያልደረሰው ቤተሰብ የልጁ ሞት ቀን መቼ እንደ ሆነ ስለማያውቅ አርባውንም ተዝካሩንም የሚያወጣበት ቀን አጣ፤ አንዳንዱ ሌላ ተመላሽ በነገረው ግምት ቀን ቈርጦ አወጣ፤ አንዳንዱም ይመጣ ይሆናል እያለ ሳያወጣ ቀረ።