ስለ መልካም ባልና አባት፥ ስለ ወጣቶችም አሠልጣኝ ስለ ኤሪክ ሊደል የተደረገ ንግግር



ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓሏን በምታከብርበት ቀን ሕንፃዋን የሠሩትን እጆች ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ከድንጋይና ከእንጨት ይልቅ የከበረው ሕንፃ ሰው ስለ ሆነ፥ ቤቱን በፍቅር ያቆመ፥ የሌላውንም ሰው ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አድርጎ ያሠለጠነ አንድ ሰው ዛሬ ቢታሰብ ለወላጆችም ለወጣቶችም ይጠቅማል። ይህም ሰው ኤሪክ ሊደል ይባላል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኤሪክ ሊደል በ1902 ዓመት በቻይና አገር በቲየንሲን ከተማ፥ ወንጌልን ሊሰብኩ ከሄዱ ከእስኮትላንድ ወላጆች ተወለደ። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ አደገ፤ በኋላም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። እግሩ እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ፥ ራግቢ በሚባለው የኳስ ጨዋታ 7 ጊዜ ለእስኮትላንድ ተሰልፎ ተጫወተ፤ በሩጫም ስሙ ታወቀ።

በ1924 ዓመት በፓሪስ የኦሎምፒክ ውድድር በተደረገ ጊዜ፥ ሁሉ ተስፋ ያደረገበት የ100 ሜትር ሩጫ ነበር። የዚህ ሩጫ ማጣሪያ ግን በዕለተ እሑድ እንዲሆን ተወስኖ ነበርና፥ ወሬውን አስቀድሞ በሰማ ጊዜ፥ በሰንበት አልሮጥም ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህም ነገር የነቀፉት ብዙዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ማንንም ሳይሰድብ ራሱን ለሌላ ሩጫ አዘጋጀ። በ200 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ400 ሜትርም በ47.6 ሰከንድ አንደኛ ወጥቶ የወርቅ ኒሻን ተሸለመ።

እንዲህ ያለውን ክብር ያገኘ ሰው በአገሩ ተቀምጦ ሲመሰገን ቢኖር ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን በ1925 ዓመት ወደ ቻይና ተመልሶ፥ በቲየንሲን በእንግሊዝና በቻይና ኮሌጅ ለብላቴኖች ሳይንስን የሚያስተምር፥ ሩጫና ጨዋታም የሚያሠለጥን መምህር ሆነ። በ1932 ዓመትም ለወንጌል አገልግሎት ተሾመ።

በ1934 ዓመት ፍሎረንስ ማኬንዚ የምትባለውን፥ የካናዳ ወንጌላውያን ልጅ አገባ። እርስዋ በካናዳ የአስታማሚነትን ትምህርት እስክትፈጽም ድረስ እርሱ ዓመታት ታግሦ ጠብቆአት ነበር። እግዚአብሔርም ሁለት ሴቶች ልጆች ሰጣቸው። ነገር ግን ከ1937 ዓመት ጀምሮ ጃፓን ቻይናን ስትወጋ፥ ሊደል ጦርነት ባስጨነቀው ገጠር እንዲያገለግል ስለ ተላከ፥ ቤተ ሰቡን የሚያየው ከብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ሆነ። በ1941 ዓመትም አደጋው በበረታ ጊዜ፥ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ከልጆቹ ጋር ወደ ካናዳ ሰደደ። ሦስተኛይቱም ልጅ በዚያ ተወለደች። አባትዋ ግን እርስዋን በዓይኑ ሳያይ ቀረ፤ ጦርነቱ መንገዱን ሁሉ ዘግቶታልና።

በመጋቢት 1943 ዓመት ጃፓኖች ሊደልን ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር በሻንቱንግ አውራጃ ዌይሽየን በሚባል የግዞት ሰፈር አስገቡት። በዚያም ከወላጆቻቸው የተለዩ ብዙ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። የገዛ ልጆቹን ለማሳደግ የተከለከለው አባት፥ ለእነዚህ ልጆች አባት ሆነላቸው። መጽሐፍ ባይኖር የሳይንስን ትምህርት በእጁ እየጻፈና እየሣለ አስተማራቸው፤ የተሰበረውን የመጫወቻ በትር በጨርቅ እየጠቀለለ ጠገነላቸው፤ ልጆቹም አጎታችን ኤሪክ እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሰንበት ለሚያምን ሰው ሁሉ ብርቱ ጥያቄ ነው። ሊደል በግዞትም ሳለ በእሑድ ጨዋታ እንዲደረግ አልፈቀደም ነበር። ወጣቶቹ ግን ሥራ ፈትተው መቀመጡ ቢከብዳቸው፥ በኢትዮጵያ የገናን ጨዋታ የሚመስለውን ሆኪ ያለ ዳኛ ተጫወቱ፤ ፍጻሜውም ጠብ ሆነ። ሊደልም ይህን ባየ ጊዜ፥ በሚከተለው እሑድ ራሱ ወጥቶ ዳኛ ሆነላቸው። ለወርቅ ያልለወጠውን ልማድ ለልጆች ሰላም ሲል ተወው። በፓሪስ የተወው የራሱን ክብር ነበር፤ በዌይሽየን ግን የሰንበት ጌታ በሰንበት የሰለለችውን እጅ እንደ ፈወሰ አሰበና፥ ለተጨነቁት ምሕረትን ማድረግ ሰንበትን ማክበር መሆኑን አስተዋለ።

ደግሞም ብላቴኖቹን ለሚጠብቋቸው ለጃፓን ወታደሮች እንዲጸልዩ አስተማራቸው። ከእነርሱ አንዱ፥ ጫማው ያለቀበት ብላቴና፥ የሊደልን የሩጫ ጫማ በስጦታ ተቀበለ፤ ጦርነቱም ካለቀ በኋላ ይኸው ብላቴና ወንጌልን ሊሰብክ ወደ ጃፓን አገር ሄዶ በዚያ ብዙ ዘመን አገለገለ።

ኤሪክ ሊደል በአንጎሉ ውስጥ በበቀለ ዕጢ ታሞ፥ በየካቲት 21 ቀን 1945 ዓመት በተወለደ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያችው ዕለት ለሚስቱ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የግዞቱ ሰፈር ነጻ የወጣው ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ነው።

እንግዲህ፥ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ በዚህ ሰበካ አባቱ የሞተበት ወይም በሩቅ አገር የቀረበት ልጅ አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ፊደል የሚያስቈጥረው፥ ጨዋታ የሚያጫውተው፥ ሲጣላም በመካከል የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረግ ወርቅ አያስፈልግም። እናንተም ወጣቶች፥ ጉልበታችሁ ሳይደክም ለደካማው ማካፈልን ተማሩ። በሩቅ ያሉትን አባቶች እግዚአብሔር በሰላም ወደ ልጆቻቸው ይመልሳቸው፤ የቀሩትንም ልጆች በመልካም ሰዎች እጅ ይጠብቅ፤ አሜን።