«ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራት በስልክ ዘመን

(በመቫሰረት ጽዮን ለእናቶችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

  አዘጋጆቹ አነስተኛ የቡና ንግድ ያላቸው ወይም ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች በማኅበራዊ መገናኛ እንዴት ደንበኛ ሊያገኙ እንደሚችሉ እንድናገር ሲጠይቁኝ ጥቂት አመንትቼ ነበር። የዚህ ሙያ ምሁር አይደለሁም። ከእናቴ ጋር ቡና ቆልቼ ስሸጥ ጥቂት ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ ኪሳራውንም ትርፉንም አይተናል። የምነግራችሁ ያንኑ ያየሁትን ነው።

ብዙዎቻችን በዚህ በመቫሰረት ጽዮን መርካዝ ክሊታ አልፈናል። እዚያ በልጅነቴ የማስታውሰው አንድ ነገር ቢኖር የቡና ጥሪ ነው። እናቴ ቡናውን ከምጣድ ስታወርድ «ሂጂና ቡና ጠጡ በያቸው» ትለኛለች። እኔም ከበር በር እየሮጥኩ እጠራለሁ። ከጎንደር የመጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅ፣ የማያውቅ ሁሉ ይሰበሰባል። ስለ ኡልፓኑ፣ ስለ ቤት ፍለጋው፣ ስለ ቀሩት ዘመዶች የሚወራው በዚያ ረከቦት ዙሪያ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ለብዙ ዓመታት በጽዳት ሥራ ኖረች። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ታሪካቸው ይኸው ነው። ጉልበቷ ሲደክም፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ከዚህ በኋላ ምን ልትሠራ ነው ብለን ተጨነቅን። በመጨረሻ ከልጅነቷ ጀምሮ አሳምራ የምታውቀው ሙያ በእጅዋ እንዳለ ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ቡና መርጣ፣ አጥባ፣ እሳቱን ለክታ መቁላት ታውቃለች። ስለዚህ ዛሬ ስለ ስልክና ስለ ፌስቡክ ስናገር ከበስተጀርባው ያለው ጥያቄ፣ እናቶቻችን በሚያውቁት ሙያ ተከብረው ሊኖሩ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስሕተታችንን ልንገራችሁ። ንግዱን ስንጀምር የማስታወቂያ ባለሙያ ነኝ ያለ አንድ ሰው አገኘን። 2,400 ሼክል ከፈልነው። እናቴን የሐበሻ ቀሚስ አልብሶ፣ ጀበና አስይዞ ፎቶ አነሣት፤ ፊልምም ሠራ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ላይክ አደረጉ። እኔም ደስ ብሎኝ ማታ ማታ ቁጥሩን ለእናቴ አነብላት ነበር። አንድ ቀን ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «ልጄ፣ ከእነዚህ ውስጥ ቡና የሚጠጣው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብመለከት አብዛኞቹ በሌላ አገር የሚኖሩ ናቸው። በዚያ ወር ከማስታወቂያው የመጡት ደንበኞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ቡናው ከየት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም ነበር። ሰዎቹ ያዩት ቀሚሱን ነው እንጂ ቡናውን አይደለም።

እናቶቼ፣ «ቡና ጠጡ» ብሎ የሚጠራ ሰው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ የሚጠራው ጎረቤቱን ነው። ሁለተኛ በስም ይጠራል። ሦስተኛ ቡናው ሲደርስ ይጠራል እንጂ ምጣዱ ሳይጣድ አይጠራም። አራተኛ የመጣውን ሰው ተነሥቶ ይቀበላል። በማኅበራዊ መገናኛ ደንበኛ መሳብ ማለትም ይኸው ነው። የቀረውን ሁሉ በዚህ ላይ ተመሥርቼ አስረዳለሁ።

በዋትሳፕ እንጀምር። ሁላችሁም በእጃችሁ አለ። በ2018 ደግሞ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ተብሎ ዋትሳፕ ቢዝነስ የሚባለው ወጥቷል፤ ክፍያ የለውም። በእርሱ ላይ የንግዱን ስምና የሥራ ሰዓት መጻፍ፣ የቡናውን ፎቶ ከነዋጋው በዝርዝር ማስቀመጥ ይቻላል። ሌሊት ወይም በሰንበት ለሚጽፍ ሰው «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እሑድ እንመልሳለን» የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ ማድረግም ይቻላል። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚያስቸግራት እናት ትልቁ ጥቅም ግን የድምፅ መልእክት ነው። እናቴ ለአማርኛ ተናጋሪ ደንበኞቻችን ራሷ በድምፅዋ ትመልሳለች። ለእትዬ እገሌ ጤናዋን ጠይቃ፣ ልጆቿን ጠይቃ፣ ከዚያ ስለ ቡናው ትነግራታለች። ይህን የሚያህል ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም።

መልእክቱ አጭርና ሙሉ ይሁን። እኛ እንዲህ እንልካለን፦ «ሐሙስ ማታ ቡና እንቆላለን። ሩብ ኪሎ 35 ሼክል ነው። የተፈጨም ያልተፈጨም አለ። ዓርብ ጠዋት በመቫሰረት ውስጥ ቤት ድረስ እናደርሳለን። የሚፈልግ እስከ ረቡዕ ማታ ይዘዝ።» በዚህ ውስጥ ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ የት የሚሉት አሉ። ዋጋውን ደብቆ «በግል ጠይቁኝ» ማለት ደንበኛን ያርቃል፤ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። ስለ ሰዓትም ተጠንቀቁ። እናቴ አንድ ጊዜ በድምፅዋ «ሁለት ሰዓት ላይ» ብላ ላከች፤ እርስዋ ያለችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት ነው፣ እዚህ ያደጉት ልጆች ግን ከቀትር በኋላ ጠበቁን። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት በ8» ብለን በእስራኤል አቆጣጠር እንናገራለን።

ዋጋ ስትተምኑም ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አትርሱ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና የገዛ ሰው ለሽያጭ የሚያገኘው ከ800 እስከ 850 ግራም ነው። ይህን ሳያስቡ ዋጋ በፌስቡክ ላይ የጻፉ ሰዎች ደንበኛ በበዛ ቁጥር ይከስራሉ።

ሁለተኛው ፌስቡክና ኢንስታግራም ነው። እዚህ የሚገኙት በአብዛኛው ዕብራይስጥ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሰፈር ሰዎች ወደሚገኙባቸው ገጾች ግቡ፤ ማስታወቂያ የሚፈቀድበትን ቀን ጠይቁ። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ይጻፉ፤ ነገር ግን እናት ሳታውቀው ምንም አይውጣ። ፊልም ከተነሣ እጅዋንና ምጣዱን፣ ቡናው ሲንጣጣና ቀለሙ ሲለወጥ ያሳይ። ይህን ያየ ሰው ሙያዋን ያከብራል፤ እንደ ሙዚየም ዕቃ አይመለከታትም። የእንግዶችን፣ በተለይም የሕፃናትን ፊት ያለ ፈቃድ አታውጡ።

በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ ወይም በማሐኔ ዬሁዳ ገበያ አጠገብ ቦታ ላለው ሰው ደንበኛው መንገደኛ ነው። መንገደኛ ደግሞ በስልኩ ካርታ ላይ ነው የሚፈልገው። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ከፊልም ይልቅ በጉግል ካርታ ላይ ስሙን፣ ሰዓቱንና ፎቶውን በነፃ ማስመዝገብ ይበልጥበታል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ከዓርብ ከቀትር በፊት ሥራችሁን ጨርሱ፤ በሰንበት ስልኩ ይረፍ። የሥግድ በዓል በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኖ ከታወጀ ወዲህ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የቡና ሥነ ሥርዓት የሚያሳይላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጥሪው መሄድ ያለበት በዓሉ ከመድረሱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ነው። ሥግድ በሚውልበት በሔሽቫን 29 ጠዋት ግን ሽማግሌዎቻችን ጾመው በአርሞን ሃናፂቭ ሲጸልዩ የጀበና ፎቶ መላክ ነውር ነው። ወግን ያላከበረ ንግድ በወገን ዘንድ አይዘልቅም።

አራተኛው እውነት ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ብዙ ከተከራከረች በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ያን ያህል ክርክር የተደረገው ስም ገንዘብ ስለሆነ ነው። እንግዲያው ከሌላ አገር የመጣ ቡና ገዝተን በከረጢቱ ላይ «ይርጋ ጨፌ» ብንጽፍ የገዛ አገራችንን ገበሬ መስረቃችን ነው። «ካሼር» የሚለውንም ቃል ያለ ምስክር ወረቀት አትጻፉ፤ በ1983 የወጣው በካሽሩት ማታለልን የሚከለክለው ሕግ ያስጠይቃል። የተቆላበትን ቀን ግን ዘወትር ጻፉ። የተፈጨ ቡና መዓዛው ቶሎ ይሄዳል፤ ደንበኛው ቀኑን ሲያይ ያምናችኋል።

አምስተኛው ሕግ ነው። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሚሠራው፣ ሰው «ሖክ ሃስፓም» በሚለው ሕግ መሠረት፣ ሳይፈቅድ የማስታወቂያ መልእክት የተላከበት ሰው ሊከስ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሼክል ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ በስልካችሁ ያለውን ስም ሁሉ ሰብስባችሁ አትላኩ። አስቀድማችሁ «ቡና ስንቆላ ልንገርዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሺታውን አስቀምጡ፤ ይብቃኝ ያለውን ወዲያው አውጡት።

ደግሞም በፌስቡክ የወጣ ንግድ የተደበቀ ንግድ አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት እንደ ዖሴክ ፓቱር ተመዝገቡ፤ በ2024 እና በ2025 ለዚህ የተፈቀደው የዓመት ሽያጭ ጣራ 120,000 ሼክል ነበር፤ በየዓመቱ ስለሚታይ የዓመቱን ጠይቁ። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የገቢ ድጎማ የምትቀበሉ ገቢያችሁን አስታውቁ፤ አለዚያ ኋላ የሚመጣው ዕዳ ከትርፉ ይበልጣል። ምግብ አዘጋጅቶ ለመሸጥ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከአካባቢው አስተዳደር የንግድ ፈቃድ ክፍል ጠይቁ። በኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሥር ያሉት የማዖፍ ማዕከሎች አነስተኛ ነጋዴዎችን ያማክራሉ፤ ለማናውቀው ሰው 2,400 ሼክል ከመክፈላችን በፊት ወደዚያ መሄድ ነበረብን።

በመጨረሻ፣ ምኑን እንቁጠር? እናቴ ዛሬ ላይክ አትቆጥርም። አንድ ደብተር አላት፤ በሦስት ተከፍሏል፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሰው በአቦል ይጻፋል። ተመልሶ የመጣ ወደ ቶና ያልፋል። ሌላ ሰው ይዞ የመጣ በረካ ነው። በአቦል ብዙ ሰው ተጽፎ ቶናው ባዶ ከሆነ ጥፋቱ ከጥሪው ሳይሆን ከቡናው ወይም ከመስተንግዶው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ማስታወቂያ መጨመር አይረዳም። አንድ ደንበኛ በፌስቡክ ላይ «ቡናው አርሮብኛል» ብሎ ሲጽፍ እኔ ላጠፋው ፈልጌ ነበር። እናቴ ግን «እውነቱን ነው፣ በዚያ ቀን እሳቱ በርትቶብኝ ነበር» አለችና ሌላ ሩብ ኪሎ ቆልታ ሰደደችለት። ሰውየው ይህንኑ እዚያው ላይ ጻፈ። ዛሬ በደብተሩ ከበረካዎቹ አንዱ እርሱ ነው።

ዛሬ እናቴ በየሳምንቱ የምትቆላው ለአርባ ያህል ቤተሰብ ነው። ሀብታም አላደረገንም። ነገር ግን የሌላ ሰው ደረጃ ማጽዳት ትታለች፤ ደንበኞችም በስሟ ይጠሯታል። ወጣቶች ሆይ፣ ስልኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ቡናውን የሚያውቁት እናቶቻችሁ ናቸው። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትመለሱ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የአሥር ጎረቤቶችን ስም አብራችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የምትጠሩት እነዚያን አሥሩን ነው።