የሲኒማ ድርሰት ውድድርና ጀማሪ ደራሲ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከድራማ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



የምንናገረው ስለ ሲኒማ ድርሰት ውድድር ነው። ምናልባት «ይህ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ይህንኑ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን፣ ክበባችንን ለመዝጋት ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ሆነን አንድ የፊልም ድርሰት ጻፍንና ወደ አንድ ውድድር ላክን። ሦስት ወር በተስፋ ጠበቅን። የአሸናፊዎቹ ስም ሲወጣ የእኛ በውስጡ አልነበረም። ያን ጊዜ ከመካከላችን «ዘመድ የሌለው መቼ ያሸንፋል!» ያለ ነበር፤ «የልጅ ጽሑፍ ማን ያነባል?» ያለም ነበር። ድርሰቱን በመሳቢያ ቈልፈን ሁለት ወር ሙሉ ሳንሰበሰብ ቀረን። በኋላ አንድ መምህራችን «ከማማረራችሁ በፊት ውድድር ለደራሲ ምን እንደሚያደርግለት መርምሩ» ብለው መከሩን። መርምረን ያገኘነው እነሆ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን።

የፊልም ድርሰት እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ አይደለም። ልብ ወለድ ከታተመ እንደ ተጻፈው ለአንባቢ ይደርሳል፤ የፊልም ድርሰት ግን ካሜራ፣ ተዋናይና ገንዘብ ያለው ሰው ካላነሣው በቀር ወረቀት እንደ ሆነ ይቀራል። በሆሊውድ ያሉ ብዙዎቹ የፊልም ኩባንያዎች በወኪል በኩል ያልመጣ ድርሰት አያነቡም፤ ወኪሎቹም በበኩላቸው ሥራው ያልታወቀ ሰው ለመቀበል ያመነታሉ። ለመታወቅ መነበብ ያስፈልጋል፤ ለመነበብ ደግሞ አስቀድሞ መታወቅ ያሻል። ጀማሪው በዚህ በተዘጋ በር ፊት ይቆማል። ውድድር የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ማንበብ ግዴታው የሆነ አንባቢ ያስገኝለታልና።

በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው የኒኮል ውድድር ነው። ዶን ኒኮል የቴሌቪዥን ደራሲ ነበሩ። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጂ ኒኮል ለመታሰቢያቸው በሰጡት ገንዘብ፣ የኦስካርን ሽልማት የሚሰጠው የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ በ1985 ይህን ውድድር አቋቋመ። ለብዙ ዓመታት በተሠራበት ደንብ መሠረት ተወዳዳሪው በፊልም ድርሰት ብዙ ገንዘብ ያላገኘ ጀማሪ መሆን ነበረበት። ስሙንም በድርሰቱ ላይ አይጽፍም፤ ስለዚህ አንባቢው የማንን ጽሑፍ እንደያዘ ሳያውቅ ይፈርዳል። ባንዳንድ ዓመት ከ7000 በላይ ድርሰቶች ሲቀርቡ የሚመረጡት ቢበዛ 5 ነበሩ፤ ሽልማቱም 35,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ከ2025 ወዲህ ግን በቀጥታ ወደ አካዳሚው መላክ ቀርቶ፣ ድርሰቶቹ በዩኒቨርሲቲዎችና በሌሎች ድርጅቶች በኩል ተጣርተው እንዲቀርቡ ተደርጓል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሽልማቱ ዓይነት ነው። ገንዘቡ ለአሸናፊው ባንድ ጊዜ አይሰጠውም፤ በዓመቱ ውስጥ እየተከፋፈለ ይሰጠዋል፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሌላ አዲስ ድርሰት ጽፎ መጨረስ አለበት። አካዳሚውም ባሸነፈው ድርሰት ላይ የባለቤትነት መብት አይወስድም። እንግዲህ ሽልማቱ ለተጻፈው ብቻ የሚሰጥ ዋጋ አይደለም፤ ገና ለሚጻፈው የሚሰጥ ስንቅ ነው።

ምሳሌ እንጥቀስ። ማይክ ሪች በኦሬገን ክፍለ ሀገር በፖርትላንድ ከተማ የራዲዮ ዜና አንባቢ ነበር። በ1998 ከኒኮል አሸናፊዎች አንዱ ሆነ። ያሸነፈበት «ፋይንዲንግ ፎሬስተር» የተባለው ድርሰት በ2000 ሾን ኮነሪ የሠራበት ፊልም ሆኖ ታየ። የሚገርመው፣ የፊልሙ ታሪክ ራሱ ለትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ውድድር ስለሚጽፍ አንድ ተማሪ ነው። ሪችም በዚህ ሳይቆም በ2002 የታየውን «ዘ ሩኪ»ን ጻፈ። እንዲሁም በ1992 ያሸነፈችው ሱዛና ግራንት በ2000 የታየውን «ኤሪን ብሮኮቪች»ን ጽፋ ለኦስካር ታጭታለች።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ካሸነፉት ድርሰቶች ብዙዎቹ ፊልም ሳይሆኑ ቀርተዋል። ውድድር በሩን ይከፍታል እንጂ አስገብቶ ወንበር ላይ አያስቀምጥም። ስማቸው ጸንቶ የቀረው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድርሰት የጻፉት ናቸው።

ይህን ከተረዳን በኋላ መሳቢያውን ከፍተን የራሳችንን ድርሰት ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ገጾች ሰባት ሰዎች ቁጭ ብለው ሁሉም የሚያውቁትን ነገር መልሰው ይነጋገራሉ፤ ካሜራ የሚያነሣው አንድም ሥራ የለም። ዳኞቹ ለምን እንደ ጣሉት አልነገሩንም፤ እኛ ግን ዳኞች ብንሆን ኖሮ እንጥለው ነበር። ያን ቀን አፍረን ስንስቅ ዋልን፤ በማግስቱም አዲስ ድርሰት ጀመርን።

ስለዚህ በዛሬው ዕለት በእናንተ ፊት አንድ ልመና እናቀርባለን። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ የድርሰት ውድድር ያቋቁምልን። በወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቍጥር ይጻፍበት። የመጨረሻው ቀን ይቈረጥ፤ ቀን ያልተቈረጠለት ድርሰት አያልቅምና። ዳኞቹም ለወደቀው ተማሪ የወደቀበትን ምክንያት በግማሽ ገጽ ይጻፉለት፤ እኛ ያጣነው ይህንን ነበር። ለአሸናፊው ዋንጫ አንጠይቅም። በሚቀጥለው መንፈቅ ሁለተኛ ድርሰት እንዲጽፍ ይታዘዝ፤ ክበባችንም በዚህ አዳራሽ ተጫውቶ ያሳይለታል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ከዚህ አዳራሽ አንድ ቀን ታላቅ የፊልም ደራሲ ይወጣ እንደ ሆነ ዛሬ ማንም አያውቅም። ከመካከላችን አንዱ ጽፎ ወድቆ፣ ምክንያቱን አውቆ፣ ዳግመኛ ቢጽፍ ግን መንገዱን ጀምሯል።