ከኪስ ገንዘብ እስከ አክሲዮን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዩኒቨርሲቲ ገብተው የፋይናንስ ትምህርት የደረሳቸው ሙስሊም ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ገና ከመጀመሪያው ወለድ ማስላት አስጀመሩን፤ ዲፓርትመንት እንቀይር ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሪባን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና የሚመሰክርለትንም እንደረገሙ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሰምቶ የደነገጠ ልብ ሕያው ልብ ነው። ሆኖም የእኛ ምክር «ትምህርቱን አትተዉ» የሚል ነው። ወለድን ማስላት ማወቅና ወለድ መብላት አንድ አይደሉምና።

በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የቱ እንደሆነ አስተውለን እናውቃለን? ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም የሚናገር አይደለም። የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነመክፈያ ጊዜው እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው ያዛል። የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ለሙስሊም እንግዳ ነገር ያለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኛ ግን በተማሪነታችን ይህን አልሠራንበትም። ክፍል ውስጥ የድርጅት ሒሳብ እንዘጋ ነበር፤ የራሳችንን ኪስ ግን አናውቀውም ነበር። ከቤት የተላከልን ብር ለፎቶ ኮፒ፣ ለሻይና ለሞባይል ካርድ እያልን ወሩ ሳይጋመስ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ በዱቤ እንወስዳለን። አንድ ቀን ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ ዕዳችንን ሲያነብልን ከገመትነው እጥፍ ሆኖ አገኘነው። እሱ ጽፏል፣ እኛ አልጻፍንም። በምን እንከራከረው? ያንን ዕዳ ለመክፈል ከቤት ተጨማሪ ገንዘብ ስንጠይቅ የተሰማን እፍረት ዛሬም አልለቀቀንም። ቤተሰቦቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው እንደሚልኩልን እናውቅ ነበርና።

ስለዚህ የመጀመሪያው የፋይናንስ ትምህርት አንዲት ደብተር ናት። ገቢ፣ ወጪና ዕዳ በየቀኑ ይጻፍባት። ብሩ ሲመጣ፣ ወጪ ሳይጀመር በፊት ጥቂትም ቢሆን ይቀመጥ። ከጓደኞች ጋር የሚጣል አነስተኛ እቁብም ወለድ ሳይነካካው ቁጠባን ያስለምዳል። ሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ላይ የተወደሱት ባሮች ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም ናቸው።

ሁለተኛው ደረጃ ጊዜና ገንዘብ ያላቸውን ግንኙነት ማወቅ ነው። 10,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው ምንም ሳይከፍል ቢቆይና ወለዱ እየተደመረ ቢታሰብ፣ ዕዳው በመጀመሪያው ዓመት 11,000፣ በሁለተኛው 12,100 ብር ይሆናል። ሰባት ዓመት ሲሞላ 19,487 ብር ይደርሳል። ወለድ ወለድን ሲወልድ ማለት ይህ ነው። ስሌቱን የተማረ ልጅ የሪባን በደል በስሜት ብቻ ሳይሆን በቁጥር ለጎረቤቱ ማስረዳት ይችላል።

ገንዘብን ቆልፎ ማስቀመጥስ? ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) የየቲሞችን ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው ነግዱበት ብለው እንደመከሩ ተዘግቧል። ኒሷብ የሞላ 4 ሚሊዮን ብር የውርስ ገንዘብ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ዘካ እየወጣለት ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 3.1 ሚሊዮን ብር ዝቅ ይላል። የዋጋ ንረት የሚበላው ደግሞ ለብቻው ነው። ዘካው የድሃ ሐቅ ነው፤ ጥፋቱ ገንዘቡን ያለ ሥራ ያስቀመጠው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የኢንቨስትመንት ትምህርት ይመጣል። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ሲያተርፍ ይካፈላል፣ ሲከስርም ይከስራል። ወለድ ያለው ቦንድ የገዛ ግን አበዳሪ ነው፤ ድርጅቱ አተረፈም ከሰረም የተቆረጠ ወለዱን ይጠብቃል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ፉቀሃእ በሙሻረካና በሪባ መካከል ያስቀመጡት ልዩነት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነብይነት በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ.) ንብረት ሊነግዱ ወደ ሻም ሲጓዙ ገንዘቡ የእርሷ፣ ድካሙ የእርሳቸው ነበር።

በአገራችንም በሩ እየተከፈተ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። በጥር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተመረቀ።

ግን ስም ብቻውን ሐላል አያደርግም። በሙራበሐ ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው ይሸጣል። ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛ በወረቀት ብቻ ገዛሁ ብሎ ገንዘቡን ከሰጠ፣ ነገሩ የንግድ ልብስ የለበሰ ብድር ይሆናል። ይህን ማን ይለያል? ውልና ሒሳብ ማንበብ የተማረ ሰው ነው። ዑለማኦቻችን ትክክለኛ ብይን ይሰጡ ዘንድ የገበያውን አሠራር የሚያስረዳቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ትምህርቱን ተማሩት፤ ከጎኑም የግብይት ፊቅህን ቅሩ። ስትመረቁ የትኛው ሥራ እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ ዑለማእን ጠይቁ። ዛሬ ማታ ግን ከመተኛታችሁ በፊት ያለባችሁን ዕዳ ጻፉ። ባለሱቁ ጽፎታልና።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።